ሠላሳ አምስት ደቂቃ የማትሞላው ሰሌዳ

ለተከበሩ የአውሮፕላን ማረፊያችን ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ፊኛዎ እንዴት ከርሟል? ስለ ፊኛዎ ለይቼ የጠየቅኩት በክፋት አይደለም፤ ደብዳቤዬ ወደ ኋላ ላይ ወደዚያው ስለሚያመራ፣ ድንገት ከምደርስብዎ ከአሁኑ ሰላም ልበለው ብዬ ነው። እኔ ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሕሊናዬ ብቻ ነው፤ ለእሱ የሚሆን መድኃኒት ደግሞ ጤና ጣቢያችን ጠይቄ የለም ተብያለሁ።

እኔን ያውቁኛል። የሰዓት ሠሪው የልጅ ልጅ ነኝ፤ አሥረኛ ክፍል ነኝ፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ይቺ ምላሳም፣ ዛሬስ ማንን ልታስቂብን ነው?» የሚሉኝ ነኝ። ዛሬ በማንም ለማሳቅ አልተነሣሁም፤ እግረ መንገድዎን ትንሽ ቢስቁ ግን አልቀየምም። ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ ጽፌዋለሁ፤ አንዱ በእርስዎ ቢሮ በር ላይ፣ አንዱ በትምህርት ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ አንዱ ደግሞ በፀጉር አስተካካዩ ቤት፣ ከትልቁ መስታወት ጎን ይለጠፋል። ፀጉር አስተካካዩ ቤት ለምን እንዳስፈለገ ሦስተኛው አቤቱታ ላይ ሲደርሱ ይገባዎታል። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግኩት እርስዎን አደባባይ ላይ ለማውጣት ነው ብለው እንዳያዝኑብኝ፤ በግል መጥቼ ነግሬዎት ነበር፣ በግል አስወጡኝ።

አቤቱታዎቼ አምስት ናቸው። አራቱ በእርስዎ ላይ ናቸው። አምስተኛው በማን ላይ እንደሆነ ቦታው ላይ ሲደርሱ ያዩታል፤ እባክዎ ዘለው እንዳያነቡት፣ እኔ ራሴ ዘልዬው ብሄድ ደስ ባለኝ ነበርና።

1. ስለ ሰሌዳው

እዚህ ላይ ከምስጋና መጀመር አለብኝ። የመንገደኞች መቆያ ክፍላችን ስድስት የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከስድስቱም አንዱ በሦስት እግሩ ግድግዳ ተደግፎ የሚኖር፣ አንድ የሻንጣ ሚዛን፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ የማይሞት ዝንብ ብቻ የነበሩበት ክፍል ነበር። የዛሬ ሁለት ወር ግን በእርስዎ ትጋት አንድ ሰማያዊ ሰሌዳ ተሰቀለለት። በነጭ ቀለም፣ ከበሩ ላይ ሆኖ በሚነበብ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ ከዚህ እስከ ተራራው ማዶ ማረፊያ፣ ርቀት 148 ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ 35 ደቂቃ። በመኪና ሁለት ቀን ሙሉ ሲያንገጫግጭ የሚያደርሰው መንገድ በሠላሳ አምስት ደቂቃ! የከተማችን ሰው ሰሌዳው ፊት ቆሞ ራሱን በአድናቆት ሲነቀንቅ ማየት እንዴት ደስ ይል ነበር! ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ የምትመጣው ባለ ዘጠኝ መቀመጫ አውሮፕላናችን ማንበብ ብትችል ኖሮ ግን በድንጋጤ እዚያው ማኮብኮቢያው ላይ በቀረች ነበር።

ምክንያቱም በሠላሳ አምስት ደቂቃ ደርሳ አታውቅም። የተሳፈረ ሁሉ ይህንን ያውቃል ብለው ያስቡ ይሆናል። አያውቅም! የእኛ ትልልቅ ሰዎች ከልጅ ጋር ይከራከራሉ፣ ከሐኪም ጋር ይከራከራሉ፣ ከሚስማር ጋር ሳይቀር ሲከራከሩ አይቻለሁ፤ ከተጻፈ ሰሌዳ ጋር ግን አይከራከሩም። በተለያየ ቀን ማዶ ደርሰው የተመለሱ ሦስት ሰዎች፣ አንድ የጨርቅ ነጋዴ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርትና የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው አያቴ ሱቅ መጡ። የሦስቱም ስሞታ አንድ ነበር፤ «ሰዓቴ መሮጥ ጀምሯል» አሉ። ሰሌዳው የበረሩት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው ይላል፣ ሰዓታቸው አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል ይላል፤ ስለዚህ የዋሸው ሰዓቱ መሆን አለበት። አያቴ ሦስቱንም ተራ በተራ ከፈቱ፣ አጸዱ፣ አንድ አንድ ቀን አጠገባቸው አስቀምጠው ጠበቋቸው፤ «ምንም አላገኘሁበትም» ብለውም መለሱላቸው። እነዚህን ሦስት ሰዓቶች ያስታውሱልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

2. ስለ ቁልፉ

የዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣሉ በተባለ ሰሞን ለማረፊያችን አዲስ መጸዳጃ ቤት ተሠርቶለታል፤ ነጭ ሸክላው፣ መስታወቱ፣ ሳሙናው፣ እንዲያው ሠርግ የሚደገስበት ይመስላል። ተቆጣጣሪው መጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ «በርቱ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉም ከእርስዎ ቀበቶ ላይ፣ ከመጋዘኑና ከብስክሌትዎ ቁልፍ ጋር ሲንቀጫቀጭ ይውላል። መንገደኛ ሲለምንዎት «ሰው ከተጠቀመበትማ ይቆሽሻል» ይላሉ። በጣም ትክክል ነዎት፤ አውሮፕላኗም ባትበር ኖሮ ጎማዋ አያልቅም ነበር።

እነዚህ ሁለት አቤቱታዎች ለየብቻቸው ሲሆኑ ያስቃሉ። እኔም ስቄባቸዋለሁ፣ ክፍል ውስጥ ቀልጄባቸዋለሁ፣ አካሄድዎን ከነቁልፉ ድምፅ አስመስዬ አሳይቻለሁ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ግን ሁለቱም አንድ ላይ አያቴ ላይ ወረዱ።

አያቴ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። አንዲት ታናሽ እህት አሏቸው፣ ከተራራው ማዶ፤ ከተያዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እህታቸው ዘንድሮ አቅም አንሷቸው ከቤት መውጣት አቁመዋል፤ «ወንድሜን አንድ ቀን ልየውና የሚሆነው ይሁን» ብለው ላኩ። አያቴ መልእክቱን እንደሰሙ ኮታቸውን ከሣጥን አውጥተው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ጀመሩ። ሰዓት ሠሪ እንደ ሌላ ሰው አይጓዝም። ከቤት እስከ ማረፊያው ስንት ደቂቃ፣ ሻንጣ ለማስመዘን ስንት ደቂቃ፣ ሁሉንም አስበው ነው የወጡት። ለሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ደግሞ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ፤ ዕድሜ ይስጥዎና እርስዎም ይደርሱበታል። ጥያቄው «ሻይ ልጠጣ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው። አያቴ ሰሌዳውን አነበቡ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ «ሠላሳ አምስት ደቂቃማ ምን አላት!» ብለው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጡ። ለጥንቃቄም ወደ አዲሱ መጸዳጃ ሄዱ። ተቆልፏል። ቁልፉን የያዙት እርስዎ ማኮብኮቢያው ላይ ፍየል እያባረሩ ነበር። ፍየሎቹ ወጡ፣ ተሳፋሪ ግቡ ተባለ።

በሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ አያቴ በመስኮት ወደ ታች አዩ፤ ተራራ ነው። በሃምሳኛው ደቂቃ አዩ፤ ተራራ ነው። በሰባኛው ደቂቃ አዩ፤ ያው ተራራ ነው፣ በሌላ ጎኑ። የአብራሪዋን ትከሻ ነካ አድርገው «ልጄ፣ አለፍነው እንዴ?» ቢሏት «ኧረ ገና ነን አባቴ!» አለቻቸው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ አብራሪዋ ናት። ከዚያ በኋላ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዐይናቸውን ሰዓታቸው ላይ ተክለው፣ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ ቻሉት። ጎማው የማዶውን ጠጠር እስኪነካ ድረስ ቻሉት። ጎማው ሲነካ አውሮፕላኗ ሦስት ጊዜ ነጠረች። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ከዚህ በላይ ያለውን ከተማው ከእኔ በተሻለ ያወራዋል።

ከአጥሩ ማዶ እህታቸው ነበሩ። ሁለት ጎረቤቶቻቸው ከነወንበራቸው ተሸክመው አምጥተዋቸው፣ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። አያቴ በመስኮት አይተዋቸዋል። አልወረዱም። «እንዲህ ሆኜ አታየኝም፣ ልጄ፣ መልሺኝ» አሏት አብራሪዋን። አውሮፕላኗ ተመልሳ እስክትነሣ ድረስ እህታቸው ከበሩ ላይ ዐይናቸውን አላነሡም። ወንድማቸው ከሃምሳ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ውስጥ እንደነበሩ እስከ ዛሬ አያውቁም፤ «ቃሉን በላ» ነው የሚሉት።

3. ስለ ድምፅዎ

አያቴ ሲመለሱ አውሮፕላኗ ሥር ቆመው የተቀበሏቸው እርስዎ ነዎት። ስለ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። መቀመጫውን አይተው፣ ማይክሮፎን በማያስፈልገው በዚያ ድምፅዎ፣ ሻንጣ ተሸካሚዎቹና ነዳጅ ቀጂው ባሉበት፣ «ምን ጉድ ነው ጋሼ! ሠላሳ አምስት ደቂቃ መያዝ አቃተዎት?» አሉ። ቅን ጥያቄ ነበር። ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ጥያቄዎን ይዘው ወደ ከተማ ወረዱ፤ ምሳ ሳይደርስ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ነበረ፤ ከምሳ በኋላ የአያቴ ስም ተቀይሮ «ሠላሳ አምስት» ሆኗል።

አሁን አያቴ ሲያልፉ ልጆች «ሠላሳ አምስት መጣ!» ይላሉ። በልጆቹ አልፈርድም፤ ለሰው ቅጽል ስም ሳወጣ የኖርኩት እኔም ነኝ፣ ለእርስዎ ከመጸዳጃው ቁልፍ ያወጣሁልዎትን ጭምር። የሚያንገበግበኝ ትልልቆቹ ናቸው። ሰዓት ሊያሠሩ መጥተው፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ጋሼ፣ በሠላሳ አምስት ደቂቃ ይደርስልኛል?» ይሏቸዋል። አያቴ «ይደርሳል» ብለው ሰዓቱን ይቀበላሉ። ከሰው ፊት ሻይ መጠጣት ትተዋል። ሱቁን በእኩለ ቀን መዝጋት ጀምረዋል። ማዶ ሂዱ ሲባሉ «አውሮፕላን ለእኔ አይሆንም» ይላሉ፤ በመኪና እንዳይሄዱ የሁለት ቀኑን መንገድ ወገባቸው አይችለውም። ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቆይቶ ዝናቡ ሲገባ ማኮብኮቢያችን ጭቃ ይሆንና ለአራት ወር ይዘጋል። እህታቸው አራት ወር ይጠብቃሉ ብዬ ለማመን ብዙ ሞክሬያለሁ።

4. ስለ ቢሮዎ

በተከታዩ ማክሰኞ አብራሪዋን ክንፉ ሥር ውሃ ስትጠጣ አገኘኋትና ጠየቅኳት። መቆያ ክፍላችን ገብታ ስለማታውቅ ሰሌዳውን አላየችውም። ስነግራት ውሃው ትን አላት። «ማነው ሠላሳ አምስት ያለው? ተራራውን በስቼ ነው የማልፈው?» አለችኝ። ተራራው ላይ ደመና ስለማይጠፋ በሸለቆው በኩል ዞራ ነው የምትሄደው፤ ዙሩ ሲታሰብ ሦስት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደ ማዶ ሲሄዱ ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው። የዚያን ቅዳሜ መዝገቧን ገልጣ አሳየችኝ፦ አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ።

ይህን ይዤ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። አስቀመጡኝ፣ ብስኩት ጋበዙኝ፣ ሰሙኝ። ከዚያ መነጽርዎን አውልቀው፣ ለእኔ ሲሉ ቀስ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህ ቁጥር ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። ከላይ የመጣ ቁጥር ደግሞ ከታች አይታረምም» አሉኝና በሩን አሳዩኝ።

ደብዳቤዬ የሚያስቸግረኝ እዚህ ላይ ነው፣ ክቡር ሆይ። ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ በዓለም ላይ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን ብዬ ያን ቀን አስብ ነበር። ሁለታችንም በዚያች ሰዓት በዚያ ቢሮ ውስጥ ነበርን። እርስዎ ዋሹ፤ እኔ ብስኩቱን አኘኩ።

5. ስለ እኔ

አምስተኛዋ ተከሳሽ እኔ ነኝ።

ተቆጣጣሪው ነገ ይመጣሉ በተባለ ዕለት፣ ርቀትና የበረራ ጊዜ የሚል ሰሌዳ መኖር እንዳለበት ትዝ ያልዎት ከሰዓት በኋላ ነበር። አውሮፕላኗ ከሁለት ቀን በፊት አትመጣም፣ ስልኩም ተቋርጧል። ጽሕፈቴ ጥሩ ስለሆነ እኔን አስጠሩኝ። «አንቺ ጎበዝ አይደለሽ? ከትምህርት ቤት ካርታ ላይ ለክተሽ፣ አስበሽ፣ ጽፈሽ አምጪልኝ። አሳምረሽ ከሠራሽ ቅዳሜ ብርቱካናማውን ሰደርያ ለብሰሽ አውሮፕላን ታስገቢያለሽ» አሉኝ። ያንን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በአጥር ቀዳዳ ሳየው ኖሬያለሁ። ለእሱ ስል ጨረቃንም እለካ ነበር።

የጂኦግራፊ ክፍላችን ካርታ መሃሉ ተቀድዶ በፕላስተር የተጣበቀ ነው። በተቀደደ ጊዜ አራት ጣት የሚያህል ቁራጭ ከላይ እስከ ታች ጠፍቶ ስለነበር መምህራችን ግራና ቀኙን አቀራርበው አገጣጠሙት። በዚያ ካርታ ላይ ወንዞቹ መሃል ሲደርሱ ድንገት ይቆማሉ፤ ተራራውም የለም፤ ተራራው ያለው ቁራጩ ላይ ነበር። ይህንን አውቅ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ «የእኛ መምህር ተራራ ያፈልሳሉ» እያልን ስንስቅ ነው የከረምነው። ቢሆንም ማስመሪያዬን ፕላስተሩ ላይ አሳልፌ ዘረጋሁ። ነዳጅ ቀጂውን «የአውሮፕላኗ ፍጥነት ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፤ «በሰዓት ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሉ ሰምቻለሁ መሰለኝ» አለኝ። «መሰለኝ» የምትለዋን ትቼ አካፈልኩ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተኩል መጣ። ተኩሏንም ጣልኳት፤ ሰሌዳ ላይ አታምርም ብዬ።

ቀለሙን የቀባሁትም እኔው ነኝ። ቅዳሜ ሰደርያውን ለበስኩ፤ ጉልበቴ ድረስ ደረሰ። እጄን ዘርግቼ ሳወዛውዝ አውሮፕላኗ ወደ እኔ መጣች። እርስዎም «ለማስታወሻ ያዢው» ብለው ሰጡኝ። ያን ቀን እናቴ ጠርታኝ ሦስት ጊዜ አልሰማኋትም።

አሁን ወደ ሦስቱ ሰዓቶች ልመለስ። ከትምህርት ቤት መልስ የምቀመጠው አያቴ ሱቅ ስለሆነ፣ ሦስቱም ሲመጡ እዚያው ነበርኩ። የጨርቅ ነጋዴው ሲመጣ ምንም አልጠረጠርኩም፤ እንዲያውም ሳቅኩ። መምህርቷ ሲመጡ ፕላስተሩ ትዝ አለኝ፤ የቤት ሥራዬ ላይ አቀረቀርኩ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሲመጣ አያቴ ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዳመጡና «ይቺ ሰዓት እውነቷን ነው። ታዲያ ማነው የሚዋሸው?» አሉ፤ ለራሳቸው ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «አባባ፣ ሻይ ላፍላ?» የሚል ነው። ይህ የሆነው እሳቸው ሊበሩ ዘጠኝ ቀን ሲቀራቸው ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በየማታው ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ተኛሁ፤ ብነግራቸው ሰደርያውን መልሺ እንዳልባል ፈራሁ። ክቡር ሆይ፣ አያቴን በሰደርያ ነው የለወጥኳቸው፤ ያውም ልኬ ባልሆነ።

ያለፈው እሑድ ጠዋት ግን አላስቻለኝም። አጉሊ መነጽራቸውን ዐይናቸው ላይ አድርገው የአንድ የሴት ሰዓት ሆድ ዕቃ ሲያወጡ ደረስኩና «አባባ፣ ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «አውቃለሁ» አሉኝ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቅ፣ «ሻዩን ሳልጠጣ በፊት ነዋ። ያቺን የላይኛዋ ሰረዝ የተነጠለችባትን፣ ባርኔጣዋን ነፋስ የወሰደባትን አምስት በዚህ ከተማ ከአንቺ ሌላ የሚጽፋት የለም። ቁጥር ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ? እዚሁ፣ የግድግዳ ሰዓት ፊት አስቀምጬ» አሉ። ቀጥለውም «ሌላ ሰው የጻፈው ቢሆን እኮ አንድ ብርጭቆ ይበቃኝ ነበር» አሉኝ።

ሁለተኛውን ብርጭቆ የጠጡት እኔን አምነው ነው ማለት ነው። ይህንን ከሰማሁ ጀምሮ ማንንም አስመስዬ አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ ታመሽ ወይ እየተባልኩ ነው።

ታዲያ ሰው ሁሉ ሲስቅባቸው ስሜን ለምን እንዳልጠሩ ጠየቅኳቸው። ደቂቃ የምትቆጥረውን፣ የጤፍ ፍሬ የምታህለውን ባለ ጥርስ ጎማ በወረንጦ ይዘው «የእኔን ስም ሰማንያ አንድ ዓመት ለብሼዋለሁ፤ ቢቆሽሽም ብዙ አልለብሰውም። ያንቺ ገና አዲስ ነው» አሉና ጎማዋን ቦታዋ ላይ አኖሯት። እኔ ግን ይህን ቦታ ደጋግሜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት፤ ጽሕፈቴ ቢበላሽብዎ ምክንያቱ እሱ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎት ነገር አጭር ነው። ሰሌዳውን ራሴው አርመዋለሁ፤ ቀለሙን ገዝቼ ጨርሻለሁ፤ ርቀት 340 ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ 1 ሰዓት ከ32 ደቂቃ። እርስዎ መሰላሉን ብቻ ይያዙልኝ። የመጸዳጃውን ቁልፍ ከቀበቶዎ ላይ አውርደው በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ይስቀሉት፤ ሚስማሩን አምጥቻለሁ። ሦስተኛው ከባድ ነው፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ድምፅ፣ ሻንጣ ተሸካሚዎቹና ነዳጅ ቀጂው ባሉበት፣ ሰውየው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያቃታቸው ሳይሆኑ ዘጠና ሁለት ደቂቃ የቻሉ እንደሆኑ ይናገሩላቸው። የእኔንም ስም ቢጠሩ አልቀየምም፤ ስሜ አዲስ ስለሆነ አንድ ሁለት ጭረት ይችላል። የእርስዎንም ጨምረው ቢጠሩ ደግሞ ከተማው እንዴት ይደነግጣል መሰለዎት!

ፀጉር አስተካካዩ ቤት ቆማችሁ ይህን የምታነቡ ትልልቅ ሰዎቼም፣ ለእናንተም አክብሮቴ የላቀ ነው። መቆያ ክፍሉ ውስጥ ባለ ሦስት እግሩ ወንበር ክፍት ነው። ሁለት ብርጭቆ ሻይ እኔ እጋብዛለሁ፤ ጠጥቶ ዘጠና ሁለት ደቂቃ የተቀመጠ፣ ያውም መሬት ላይ፣ ያውም ሳይነጥር፣ እሱ አያቴን በፈለገው ስም ይጥራቸው።

አንድ ነገር ግን ደብቄያለሁ። ቅጂው ሦስት ሳይሆን አራት ነው። አራተኛውን አብራሪዋ ማክሰኞ ማዶ ታደርሰዋለች፤ ጥቁር ጃንጥላ ላላቸው ሴትዮ ነው። እሳቸው ይህን ሁሉ ማንበብ ስለሚደክማቸው ለእሳቸው ከላይ በትልቁ የጻፍኩት ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ ወንድምዎ ቃላቸውን አልበሉም። መጥተው ነበር፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ ነበሩ።

ባለ ሦስት እግሩ ወንበር በግድግዳው ላይ እንደሚደገፈው ሁሉ በእርስዎ ደግነት ላይ ተደግፌ፣ ለከበረው ቀበቶዎና በእሱም ላይ ለሚንጠለጠሉት ሁሉ ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ ሰደርያውን ታጥቦና ተጣጥፎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ እመልሳለሁ።

የሰሌዳዎ ጸሐፊ፣
ተራራ የጣለችው ለኪ፣
የሠላሳ አምስት የልጅ ልጅ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ሳልለጥፈው በፊት ለአያቴ አነበብኩላቸው። እንዲለጠፍ ፈቅደዋል፤ አንድ እርማት ብቻ ሰጥተዋል። የቻሉት አንድ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ደቂቃ ሳይሆን አንድ ሰዓት ከሠላሳ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው፤ በቀሪዋ ሃያ ሰከንድ አውሮፕላኗ መሬት ላይ እየተንከባለለች ስለነበር፣ በዚያን ጊዜ የቻሉት ነገር እንደሌለና የእሳቸው ያልሆነ ሰከንድ እንዲጻፍላቸው እንደማይፈልጉ ይወቁልኝ ብለዋል። ለመጪው ቅዳሜም አንድ መቀመጫ ይያዝላቸው፤ መስኮት አይፈልጉም፣ በር አጠገብ ይሁን ብለዋል። በመጨረሻም፣ የመቆያ ክፍልዎ የግድግዳ ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱን ያን ቀን ተመልክተዋል። ራስዎ ይዘውት ይምጡ፣ እሳቸው ሠርተው እስኪጨርሱ እርስዎ ሻይ እየጠጡ ይቆያሉ፤ የእኛ በር አይቆለፍም። የሚፈጀውም ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው፤ ይቺኛዋን የለኩት ግን እሳቸው ናቸው።